ወኔ ሲደክም ሥርዓት ይቁም፦ የቀነስነውን ክብደት በፈተና ሰሞን ስለ መጠበቅ ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው በተለይ ለአንድ ዓይነት ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ከመጠን ያለፈ ክብደቱ ለጤናው እንደማይበጅ አውቆ፣ ወራት ታግሶ፣ ስምንትም ይሁን አሥር ኪሎ ቀንሷል። ልብሱ ልኩ ሆኖለታል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ አያጥረውም። ከዚያ ሚድ መጣ፤ አሳይመንት ተደራረበ፤ ፋይናል ደረሰ። የቀነሰው ኪሎም አንድ አንድ እያለ መመለስ ጀመረ። ተማሪው ሚዛን ላይ መውጣት ፈራ። «እኔ ድሮም ወኔ የለኝም» ብሎ ራሱን ወቀሰ፤ ተስፋ ቆረጠና ሁሉንም ተወው።

ለዚህ ተማሪ የምለው አለኝ። ወኔ በጭንቀት ሰሞን መድከሙ የሰው ሁሉ ባሕርይ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ጥፋቱ ነገሩን ሁሉ በወኔ ላይ ብቻ ማሳደሩ ነው። የቀነሰውን ክብደት ጠብቆ መኖር የሚፈልግ ሰው፣ ወኔው በደከመበት ቀን ጭምር የሚሠራ የአበላል፣ የእንቅልፍና የእንቅስቃሴ ሥርዓት አስቀድሞ ማበጀት አለበት። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየግቢያችን ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆነ ተማሪዎችም አሉ። ክብደታችሁን በኪሎ ግራም ወስዳችሁ፣ በሜትር የተለካ ቁመታችሁን በራሱ አባዝታችሁ፣ ለዚያ ስታካፍሉት ውጤቱ ከ18.5 እስከ 25 ባለው ውስጥ ከሆነ ለአዋቂ ሰው ጤናማ በሚባለው ክልል ውስጥ ናችሁ። ከ18.5 በታች የሆነ ሰው የሚያስፈልገው በደንብ መብላት ነው። መብላት የሚያስፈራችሁ፣ ወይም ከበላችሁ በኋላ በግድ ለማስመለስ የምትገፋፉ ከሆነም ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂዱ፤ ያ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መጀመሪያ ሰውነታችን ምን እንደሚሠራ እንመልከት።

በሰውነታችን የተከማቸው ስብ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህን ሆርሞን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያገኙት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ሌፕቲን በቂ የተከማቸ ኃይል መኖሩን ለአንጎል ይነግራል። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፤ አንጎልም የረሃብ ዘመን የመጣ መስሎት የምግብ ፍላጎትን ያነሳሳል። በዚያው ላይ ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለው አስራቢ ሆርሞን ይጨምራል።

ይህ ለጥቂት ቀን ታይቶ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅን ነበር። በአውስትራሊያ በሜልቦርን የተካሄደና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 50 ሰዎች ለ10 ሳምንታት ጥብቅ አመጋገብ ይዘው ክብደት ቀነሱ። ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ የቀነሱት ኪሎ በከፊል ተመልሶ እንኳ ሌፕቲናቸው ከቀድሞው ዝቅ እንዳለ፣ ግሬሊናቸው ከፍ እንዳለ፣ የረሃብ ስሜታቸውም እንደበረታ ነበር። በአሜሪካ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ደግሞ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር ሰውነቱ በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን በቀን ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። አምስት ኪሎ የቀነሰችን ተማሪ አስቡ። በዚህ ስሌት ከሄድን፣ ከቀድሞው በቀን 500 ካሎሪ ያህል የሚበልጥ ፍላጎት ይዛ ነው ክፍል የምትገባው፣ ላይብረሪ የምትቀመጠው፣ ፈተና የምትፈተነው።

እንግዲህ ኪሎው የተመለሰበትን ሰው ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። መቀነስ የወራት ሥራ ነው፤ ጠብቆ መቆየት ግን ሰውነት ለረጅም ጊዜ እየተከራከረን የምንሠራው ሥራ ነው።

በዚህ ላይ የተማሪ ኑሮ ይጨመራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ከፍሬሽማን ዓመት አንስቶ ዲፓርትመንት የመመደብ ጭንቀት አለ፤ የግሬድ ጭንቀት አለ፤ የቤተሰብ ተስፋ አለ፤ የገንዘብ ችግር አለ። ጭንቀት ሲበረታ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። ድንገተኛ ድንጋጤ የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ለሳምንታት የሚዘልቅ ጭንቀት ግን ብዙ ሰው ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር እንዲያምረው ያደርጋል። እንዲህ ያለው ምግብ ለጥቂት ደቂቃ መንፈስን ያረጋጋልና፣ ተማሪው በተጨነቀ ቁጥር ወደዚያው መመለስን ይለምዳል።

ከሁሉ የሚጎዳን ግን የእንቅልፍ ማጣት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በአንድ ወቅት ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ፣ በሌላ ወቅት ደግሞ ሁለት ሌሊት አሥር አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አድርገው አነጻጸሯቸው። እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀነሰ፤ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ፤ ረሃባቸው በ24 በመቶ ከፍ አለ። ይበልጥ ያማራቸውም ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዳቦ ነክ ምግብ ነበር። ይህ የሆነው በሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከላይብረሪ ወጥቶ ብስኩት በለስላሳ የሚያወራርድ ተማሪ ሆዳም የሆነ እንዳይመስላችሁ። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ያዘዘውን ነው የሚያደርገው።

የግቢ ምግብንም አንርሳ። ካፌ ለሚመገብ ተማሪ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳና ራት እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር። ኖን ካፌ የሆነው ደግሞ በኪሱ ልክ ይበላል፤ በር ላይ የሚሸጠው እርጥብ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ርካሽ ነው፤ ሆድም ይይዛል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ «ዓሣና አትክልት ብላ» ብሎ መምከር ፌዝ ነው። ምክር የሚጠቅመው ተማሪው ሊያዝበት በሚችለው ነገር ላይ ሲሆን ነው። ካፌው የሚያቀርበውን አናዝበትም፤ በሻያችን ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር፣ ከውጭ የምንገዛውን፣ ሌሊት የምንቆረጥመውን፣ የምንተኛበትን ሰዓትና የምንራመደውን መንገድ ግን እናዝበታለን።

አሁን ወደ ተነሳሽነት እንምጣ። ክብደት ሲቀንሱ ተነሳሽነት በየጊዜው የሚታደስበት ምክንያት አለው። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል፤ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይገባል፤ ጓደኛ «አምሮብሃል» ይላል። ጠብቆ መቆየት ላይ ሲደረስ ይህ ሁሉ ያበቃል። ድካሙ እንዳለ ነው፤ ሚዛኑ ግን የትናንቱን ቁጥር ያሳያል። ምንም ያልተለወጠበት ሳምንት፣ በዚህ ሥራ፣ የተሳካ ሳምንት ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ውጤት ያጣ እየመሰለው ይሰለቻል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ጫና አለ። ረሃብን ባየ ሕዝብ መካከል መወፈር የድሎት ምልክት ነበር። ዛሬም ቢሆን ብዙ ወላጅ ወፍሮ የተመለሰውን ልጅ «ተመችቶሃል» ይላል፤ የከሳውን ደግሞ «ምነው፣ ታመህ ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ በሰው አድናቆት ላይ የቆመ ተነሳሽነት አገራችን ላይ ቶሎ ይወድቃል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። ሰው ከውጭ በመጣ ግፊት፣ ለሙገሳ ወይም ነቀፋን ፈርቶ ከሚይዘው ነገር ይልቅ፣ ራሱ አምኖበትና ወዶት የያዘው ነገር ይዘልቃል። ለምርቃት ፎቶ ተብሎ የተቀነሰ ክብደት ፎቶው በተነሳ ማግስት ምክንያቱን ያጣል። «አባቴ ስኳር በሽታ አለበት፤ እኔ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም» ያለ ልጅ ምክንያት ግን ከምርቃት በኋላም አለ። «ጉልበቴን ሳያመኝ ኳስ መጫወት እፈልጋለሁ» ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ዶርማችሁ ስትመለሱ ይህን አድርጉ፦ ክብደታችሁን ለምን እንደምትጠብቁ በገዛ ቃላችሁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማንም ሰው ባያየው፣ ማንም ባያመሰግናችሁ፣ ያ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ምክንያታችሁ ጥሩ ነው።

ሆኖም ጥሩ ምክንያት ብቻውን በቂ አይደለም። የፋይናል ዋዜማ ላይ ምክንያትም ይረሳል። እዚህ ላይ ነው ሥርዓት የሚያስፈልገው። ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጾምን ተመልከቱ። የጾም ዓላማው መንፈሳዊ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ አይጾምም። አያያዙን ግን እንማርበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጿሚው በየማለዳው «ዛሬ ልጹም ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ውሳኔው አንድ ጊዜ ተወስኗል። ጓዳው ተሰናድቷል፤ ቅቤውና ሥጋው ከፊቱ ተነስቷል። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ምግብ ቤቱም አብሮት ይጾማል። በረመዳንም ሱሑርና ኢፍጣር ሰዓታቸው የታወቀ ነው፤ ማዕዱም የጋራ ነው። በዚህ ምክንያት ወኔው ከፍ ያለውም፣ የደከመውም ሰው ጾሙን ይፈጽማል። ሦስት ነገሮች ይይዙታል፦ አንድ ጊዜ የተወሰነ ውሳኔ፣ የተሰናዳ ቤትና አብሮ ያለ ሰው። የእናንተንም ሥርዓት በእነዚህ ሦስት ላይ አቁሙት።

አንደኛው ውሳኔ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው፣ «ጤናማ እበላለሁ» ከሚል ሰፊ ምኞት ይልቅ ጊዜውንና ሁኔታውን ለይቶ የተቆረጠ ውሳኔ በተግባር ይፈጸማል። «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» በሉ። «ሻይ ሲቀርብልኝ አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ እጨምራለሁ።» «ሌሊት ሳጠና ከራበኝ አንድ እፍኝ ቆሎ በውሃ እበላለሁ።» «የከሰዓቱ ክፍል እንዳለቀ፣ ዶርም ከመግባቴ በፊት 30 ደቂቃ እራመዳለሁ።» እንዲህ ያለው ውሳኔ አስቀድሞ ስለተወሰነ፣ የደከመ አንጎል በዚያ ሰዓት ማሰብ አይጠበቅበትም።

ስለ ስኳሩ ትንሽ ልበል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ አራት ግራም ይሆናል። በጥናት ሰሞን በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ተማሪ 60 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም ወደ 240 ካሎሪ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥም 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ እንደሚመረጥ ይመክራል። ለካፌ ተመጋቢ ተማሪ ያለ አንዳች ወጪ፣ ያለ ረሃብ ሊስተካከል የሚችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ልማድ ሥር እስኪሰድ ስንት ቀን ይፈጃል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን አጠኑ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ከአበላል፣ ከመጠጥ ወይም ከእንቅስቃሴ አንድ አዲስ ነገር መርጦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ አደረገው። ነገሩ ያለ ማሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልግ ተገመተ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው፣ ልማዱ የሚጀመረው ሴሚስተሩ ሲጀመር እንጂ ፋይናል ሲደርስ አይደለም። ሁለተኛው፣ በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መፈጠር ብዙም አልጎዳውም። ይህን ሁለተኛውን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምሰሶ የተሰናዳ ቤት ነው። የእናንተ ቤት ዶርምና ሎከር ነው። ሎከር ውስጥ ያለው ነገር ሌሊት ይበላል፤ የሌለው አይበላም። ብስኩት በምትገዙበት ብር ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ግዙ። የውሃ ዕቃ ይዛችሁ ላይብረሪ ግቡ። የምትተኙበትን ሰዓት በጥናት መርሐ ግብራችሁ ላይ እንደ አንድ ኮርስ ጻፉት፤ ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው። ለመንቃት ብላችሁ ጫት የምትቅሙ ካላችሁም አደራ እላችኋለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ለሰዓታት ይዘጋል፤ እንቅልፍን ይነሳል። ስለዚህ አንዳንዱ እንደ ክብደት መጠበቂያ ይቆጥረዋል። እንቅልፉን ያጣ ሰው ግን ረሃቡን በማግስቱ ከነወለዱ ይከፍላል፤ ሱስም ሊይዘው ይችላል።

የተሰናዳ ቤት ሚዛንንም ይጨምራል። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቀው የቆዩ ሰዎችን መመዝገብ ጀመሩ። መዝገቡ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ከመቶ 75ቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ 78ቱ በየቀኑ ቁርስ ይበላሉ፤ 90ዎቹ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም አንድ ዓይነት አበላል የሚከተሉት፣ ቅዳሜና እሑድ ከሚለቁት ይልቅ ጸንተው ተገኝተዋል። ከሁሉ የሚያጽናናው ደግሞ ይህ ነው፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ጠብቆ የቆየ ሰው ኪሎው የሚመለስበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። ትግሉ ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ዓመት አይከብድም።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ተመዘኑ። ክሊኒክ ካልተመቻችሁ በየመንገዱ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ በትንሽ ክፍያ ይመዝኗችኋል። ቁጥሩ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ወደ ተዋችሁት ልማድ ተመለሱ። ሚዛን የሚጠቅመው ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ እንድናየው ነው። በአዋቂዎች ላይ የተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 195 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በበዓላት ሰሞን በአማካይ 0.37 ኪሎ ብቻ እንደጨመሩ አገኘ። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዓመቱ ቀሪ ወራት ያ ጭማሪ አልወረደም። ክብደት የሚመለሰው በአብዛኛው እንዲህ በማይታይ መጠን ነው።

ስለ እንቅስቃሴውም ጂም የሚከፈልበት ብር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ አራት ኪሎ ድረስ ታክሲ ትቶ በእግር መመላለስ ለዚህ በቂ መነሻ ነው። መራመድ ለተማሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተጨናነቀ አእምሮን ያረጋጋል፤ እንቅልፍን ይጠራል።

ሦስተኛው ምሰሶ ሰው ነው። ብቻውን የሚታገል ተማሪ ብቻውን ይደክማል። አንድ የዶርም ጓደኛ ይበቃችኋል። የማታውን እርምጃ አብራችሁ ሂዱ፤ የዕለቱንም ትምህርት እየሄዳችሁ ተጠያየቁ። ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ የምትሰበሰቡ ተማሪዎች አላችሁ፤ የመጠናኛ ቡድን ያላችሁም አላችሁ። ከስብሰባው በኋላ የሚቀርበው ለስላሳና ብስኩት ብቻ እንዳይሆን ተነጋገሩ። ይህን ማንሳት አያሳፍርም፤ ስኳርና ደም ግፊት በወላጆቻችን ቤት እያየናቸው ያሉ በሽታዎች ናቸው።

ሥርዓቱ ከተበጀ በኋላ በፈተና ሰሞን ምን ይደረግ? ምክሬ ግልጽ ነው፤ በፈተና ሳምንታት ክብደት ለመቀነስ አትሞክሩ። የዚያን ጊዜ ግባችሁ ባላችሁበት መቆየት ብቻ ይሁን። ሦስት ነገር ብቻ ያዙ፦ ቁርስ አትዝለሉ፤ በየቀኑ 20 ደቂቃም ቢሆን ተራመዱ፤ እንቅልፋችሁን ጠብቁ። ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

ራስን በረሃብ እየቀጡ መማር እንደማይቻል ደግሞ ታሪክ ይመሰክራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ እንዴት መርዳት እንደሚቻል ለማወቅ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ግማሽ ረሃብ ላይ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ጠፋ። ወጣቶቹ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ያዙ፤ በሌላ ነገር ላይ ማተኮር አቃታቸው፤ ተቆጡ፤ አዘኑ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከጠገቡ በኋላም መብላት ያላቆሙ ነበሩ። በፈተና ሰሞን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላ «ሁለቱንም አሳካለሁ» የሚል ተማሪ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር ልመለስ። አንድ ቀን ትወድቃላችሁ። ፈተናው ከብዷችሁ ወጥታችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ያለ ልክ ትበላላችሁ። ክብደትን የሚመልሰው ያ ቀን አይደለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የምንለው ነገር ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣፋጭ ወተት ከጠጡ በኋላ አይስክሬም በፈለጉት መጠን እንዲበሉ ተደረገ። ክብደታቸውን የማይቆጣጠሩት ወተቱን ከጠጡ በኋላ ትንሽ በሉ። አመጋገባቸውን አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ግን አብዝተው በሉ፤ «አንዴ ተበላሽቷል» ያሉ ይመስላል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክሌር አዳምስና ማርክ ሊሪ ተመሳሳይ ሙከራ አደረጉ። ዶናት ከበሉ በኋላ «ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል» የተባሉት፣ አመጋገባቸውን የሚቆጣጠሩ ተማሪዎች፣ ይህ ካልተነገራቸው ይልቅ ከዚያ የቀረበላቸውን ከረሜላ ቀንሰው በሉ። ራሱን የሚሰድብ ሰው የሚጸና ይመስለዋል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ለወደቀ ጓደኛችሁ የምትሉትን ለራሳችሁ በሉ፤ ቀጣዩንም ማዕድ እንደ ወትሮው ብሉ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። እዚያ የሚጠብቃችሁ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩም በማዕድ ይገለጣል። እናት «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ትላለች። ጉርሻ ይመጣል፤ «በሞቴ» ይከተላል። ይህን በጠብ መመለስ ነውር ነው፤ አያስፈልግምም። በመጀመሪያው ቀን፣ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ነገሩን በእርጋታ አስረዷት። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ አልታመምኩም። የአባዬ ዓይነት ስኳር እንዳይዘኝ እየተጠነቀቅኩ ነው። ያንቺን ወጥ እበላለሁ፤ እንጀራውን ብቻ ቀንሺልኝ» በሏት። እናት ልጇ ጤናዋን እየጠበቀች መሆኗን ካወቀች ዋና አጋዧ ትሆናለች። ጉርሻውን ተቀበሉ፤ አንድ ጉርሻ ማንንም አላወፈረም። የሚመልሰው ለሳምንታት በሰዓቱም ያለ ሰዓቱም መብላት፣ ቁጭ ብሎ መዋልና እርምጃውን መተው ነው። በበዓል ቀን እንደ ሰው ብሉ፤ በማግስቱ ወደ ሥርዓታችሁ ተመለሱ።

በመጨረሻ ለመምህራንና ለግቢ አስተዳዳሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ተማሪውን «ጠንክር» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የካፌው ሻይ በሁሉም ግቢ ስኳር ሳይጨመርበት ቀርቦ ተማሪው ራሱ ቢጨምር፣ በክሊኒኩ ማንም ሳይጠየቅ የሚመዘንበት ሚዛን ቢኖር፣ ሴት ተማሪዎች በምሽት ሳይፈሩ እንዲራመዱ የግቢው መንገድና ሜዳ መብራት ቢኖረው፣ ፈተናዎች በአንድ ሳምንት ባይታጨቁ፣ የተማሪው ሥርዓት የሚቆምበት መሬት ይኖረዋል።

እናንተ ተማሪዎች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ወላጆች ትሆናላችሁ። ከፊታችሁ ያለው ሥራ ከፋይናል ሰሞን የማያንስ ጭንቀት አለበት። ዛሬ በዶርም ውስጥ በጭንቀት መካከል በልክ መብላትን፣ በሰዓት መተኛትንና በየቀኑ መራመድን የለመደ ሰው፣ ያንን ልማድ ይዞ ወደ ሥራውና ወደ ትዳሩ ይገባል። ስለዚህ ወኔ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ምክንያታችሁን ጻፉ፤ ከነገ ጀምሮ አንድ ልማድ ብቻ ምረጡ፤ አንድ ጓደኛ ያዙ፤ ብትወድቁ በማግስቱ ቀጥሉ። ጤናችሁ የእናንተም፣ ያሳደጓችሁም ሀብት ነውና ጠብቁት።